በሐኑካ ካርታ መጫወት ይፈቀዳል ወይ?



በኪስሌቭ ወር ሻማው ሲበራ አያቶች የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ። ልጆች ዕረፍት ላይ ናቸው፣ የቤር ሸባ ሌሊት ብርድ ነው፤ ካርታ ይዘው አያታቸው ፊት ይቀመጣሉ። ካርታ ደግሞ በአገር ቤት የቁማርተኛ ዕቃ ነው። በበዓል ቀን እንዴት እሺ እንበል? ሐኑካ በኢትዮጵያ ስላልነበረ፣ የአባቶችን ልማድ ጠይቆ መልስ ማግኘትም አይቻልም።

ጨዋታው ልጆቹ «ሚልሓማ» የሚሉት ነው፤ ጦርነት ማለት ነው። 52ቱ ካርታ ተበውዞ ለሁለት ሰው እኩል ይታደላል። ማንም ካርታውን አስቀድሞ አያይም። ሁለቱም ከላይ ያለውን በአንድ ጊዜ ይገልጣሉ፤ ትልቁን ያወጣ ሁለቱንም ይወስዳል። ከ10 በላይ ልዑሉ፣ ንግሥቲቱና ንጉሡ አሉ፤ ከሁሉ የሚበልጠው አስ ነው። እኩል ከወጣ ጦርነት ይነሣል፦ እያንዳንዱ ሦስት ካርታ ሸፍኖ ያስቀምጥና አራተኛውን ይገልጣል፤ ያሸነፈ ሁሉንም ይሰበስባል። ካርታ ያለቀበት ተሸነፈ።

ብልሃት የሚባል ነገር የለበትም። የ6 ዓመት ልጅና የ70 ዓመት አያት እኩል ናቸው። ዕብራይስጥ ያልለመዱ አያትና አማርኛ የማይሰማ የልጅ ልጅ ያለ አስተርጓሚ አንድ ሰዓት አብረው ይስቃሉ። ይህን እንደ ቀላል ነገር አናየውም።

ዕጣም ራሱ ክፉ አይደለም። ምድሪቱ ለነገዶች የተከፈለችው በዕጣ ነው፤ በዮም ኪፑር ሁለቱ ፍየሎች የሚለዩትም በዕጣ ነበር። ችግሩ የሚመጣው ገንዘብ ሲቀመጥ ነው። በሚሽና፣ ሳንሄድሪን ምዕራፍ 3፣ ቁማር የሚጫወት ሰው ለምስክርነት አይበቃም ተብሏል። ራቢ ይሁዳ ይህ ሌላ ሥራ ለሌለው ብቻ ነው ይላሉ። በታልሙድ ሁለት ምክንያት ተሰጥቷል። ረብ ሼሼት ዓለምን በማቅናት ሥራ ስለማይሳተፍ ነው ይላሉ። ራሚ ባር ሐማ ግን ተሸናፊው ገንዘቡን ያስቀመጠው አሸንፋለሁ ብሎ ስለሆነ ከልቡ አልሰጠም ይላሉ፤ ይህ «አስማኽታ» ይባላል።

እኛን የሚያሳስበን ይህ የራሚ ባር ሐማ ቃል ነው። ሁለቱ ተስማምተው ካስቀመጡ ምን ሌብነት አለበት? ይባላል። 10 ሼቄል የተበላን ልጅ ፊት ተመልከቱ፤ እሺ ያለው አፉ ብቻ ነበር። እናቶቻችን በኢትዮጵያ ድስትና ጀበና ሠርተው ሲሸጡ፣ እነሱ ዋጋውን ይቀበላሉ፣ ገዢውም ዕቃውን ይዞ ይሄዳል። ባዶ እጁን የቀረ የለም። በቁማር ግን አንዱ የሚያገኘው ሌላው ያጣውን ነው።

ራምባም በቁማር የተገኘን ገንዘብ ከሊቃውንት በተደነገገ ሥርዓት እንደ ዝርፊያ ይቆጥሩታል። የአሽከናዙ ራቢ ሞሼ ኢሰርለስ ቀለል አድርገው ያዩታል። በ1973 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የቤተ እስራኤልን አይሁድነት ያረጋገጡት ረብ ኦቫድያ ዮሴፍ ደግሞ የሎተሪ ቲኬት መግዛትን እንኳ ከልክለዋል።

ስለዚህ ተጫወቱ እንላለን፤ ገንዘብ ግን አይቀመጥ። ሽምብራ ወይም ኦቾሎኒ ይቁጠሩ፣ ሲያበቃ ሁሉም ወደ ሳህኑ ይመለስና አብራችሁ ብሉት። ልጆቹ «እንዲህ ከሆነማ አይጣፍጥም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ግን የሚጣፍጠው የሌላውን መውሰድ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ቁጭ ብሎ ከልጁ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ለልጆች የሚሰጠው የሐኑካ ገንዘብ ስጦታ ነው፤ ለጨዋታ መያዣ አይሁን።

ጠረጴዛውንም ከሐኑካው ሻማ አርቁት። በሻማው ብርሃን መጠቀም አይፈቀድም፤ ታልሙድ በፊቱ ገንዘብ መቁጠርን እንኳ በተለይ ይከለክላል። በመብራት ሥር ተጫወቱ። በሰንበት ምሽትስ? ያንን ቄሶቻችንን ጠይቁ፤ መልሳቸውን ግን አያቶች ከእኛ በፊት ያውቁታል።