የመረጥነው ሰው ኃጢአት

ቅዳሴው አልቆ፣ ጸበል ጻድቁ ተቀምሶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ባለው አዳራሽ ቶናው እየተቀዳ ነበር። ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር የጥቅምት 2024 መጨረሻ፣ ቦታው ቨርጂንያ ነው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ዕድሜያቸውን ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ አዛውንት ዶናልድ ትራምፕን እንደሚመርጡ ተናገሩ። ስለ ጽንስ ነው አሉ፤ ሌላ ምክንያት አልጨመሩም። ስኒ የምትሰበስብ አንዲት ወጣት ነርስ ቆም አለችና፣ «ጋሼ፣ ሰውየው ስለ ሴቶች የተናገረውን ሰምተው ነው?» አለቻቸው።

«እኔ እኮ ልጄ፣ የምመርጠው የነፍስ አባት አይደለም።»

«አባቴ እንደነገረኝ ግን በክሊንተን ጊዜ፣ ሚስቱን የከዳ ሰው አገር አይጠብቅም ብለው ነበር።»

ጋሼ መልስ አጡ። እኔም ስኒዬን ይዤ ዝም አልኩ፤ የእኔ ዝምታ ግን ከእሳቸው የባሰ ነበር። በ1998 የፕሬዚዳንት ክሊንተን ጉድ ሲወጣ «የመኝታ ቤቱ ነገር የሚስቱ ጉዳይ ነው፤ እናንተ ሥራውን እዩለት» እያልኩ በየቡናው ስከራከር የነበርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ልቤ ከነርሷ ጋር ቆሟል። ጋሼ ከዚያ ወደዚህ ተሻግረዋል፣ እኔ ደግሞ ከዚህ ወደዚያ፤ መንገድ ላይ ሳንተያይ ተላልፈናል። ቤቴ ስገባ፣ የመሪ የግል ሥነ ምግባር ለክርስቲያን መራጭ ወሳኝ መሆን አለበት ብዬ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። እንዳሰብኩት አልሄደልኝም።

መሪ ባይዋሽ፣ ባያመነዝር፣ ደካማን ባያዋርድ ይሻላል በሚለው ላይ ማንም አይከራከርም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው፤ ሰውን መምረጥና ለሰው መመስከር አንድ ነገር ናቸው ወይ?

ጠቡ ከሁሉ አስቀድሞ የአሜሪካ ነጭ ወንጌላውያን ጠብ ነው። ሆኖም እኛም በዚያው አገር እየኖርን፣ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም በየአዳራሹ ወርሰነዋል። በሰኔ 1998 የአገሪቱ ትልቁ የፕሮቴስታንት ማኅበር፣ የደቡብ ባፕቲስቶች ጉባኤ፣ ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ ተሰብስቦ የባለሥልጣን የግል ጠባይ ከሥልጣኑ የሚለይ አይደለም ሲል ወሰነ። ኢኮኖሚው ስላማረ ብቻ የመሪን ነውር እንዳላየ የሚያልፍ ሕዝብ ኅሊናው ይደነዝዛል የሚል መንፈስ ያለው ውሳኔ ነበር። ያኔ ስሰማው ተናድጄበት ነበር፤ አሁን ሳነበው ትክክል ሆኖ አገኘሁት።

በ2011 ሃይማኖትና ፖለቲካን የሚያጠናው ፒ.አር.አር.አይ. የተባለ ተቋም አንድ ጥያቄ ጠየቀ። በግል ሕይወቱ ነውር የሠራ ባለሥልጣን የመንግሥት ሥራውን በሥነ ምግባር ሊወጣ ይችላል ወይ? ከነጭ ወንጌላውያን ይችላል ያሉት ከመቶ 30 ነበሩ። በጥቅምት 2016፣ ትራምፕ ስለ ሴቶች በብልግና ሲያወራ የተቀዳው ድምፅ በወጣበት ወር፣ ያው ጥያቄ ሲቀርብላቸው 72 ሆኑ። ከየትኛውም የሃይማኖት ወገን ይልቅ የተለወጡት እነሱ ናቸው።

አሁን ሌላውን ቁጥር ከጎኑ አስቀምጡት። ከምርጫ ጣቢያ የሚወጡ መራጮችን የጠየቀው ጥናት እንዳሳየው፣ በ2012 የሪፐብሊካኑን ዕጩ ሚት ሮምኒን የመረጡት ነጭ ወንጌላውያን ከመቶ 78 ነበሩ። ሮምኒ የሞርሞን እምነት ተከታይ ነው፣ ትዳሩ ላይ ግን ማንም እንከን አላወጣም። በ2016 ለትራምፕ 81 ሆኑ። ድምፁ ከነበረበት ብዙም አልተነቃነቀም፤ ተገልብጦ የተገኘው ትምህርቱ ነው። ለሪፐብሊካኑ ድምፅ ለመስጠት ትምህርታቸውን መለወጥ አላስፈለጋቸውም ነበር። «ያደረገው ኃጢአት ነው፤ ሆኖም የምፈልገውን ሕግ ከሌላኛው ይልቅ እሱ ያመጣልኛል» ማለት ይቻል ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ኅሊናው ይከብደዋል፣ እውነቱ ግን ከእጁ አይወጣም። እነሱ ሸክሙን ለማቅለል ሚዛኑን ነኩ። ኀዘኔ እዚህ ላይ ነው።

ጋሼ ይህን ቢሰሙ የሚመልሱትን አውቀዋለሁ፤ ደካማ መልስ ስላልሆነም በችኮላ ላልፈው አልችልም። መራጭ የሚፈልገው ሥራ ነው፤ ግንበኛ የሚቀጠረው ግንቡ እንዲቆም እንጂ እንዲያቆርብ አይደለም። ውርጃን በመላ አገሪቱ የፈቀደው የሮ እና ዌድ ፍርድ በ1973 ተሰጠ። ጠባያቸው የተመሰገነ ሰዎች መጡ፣ ሄዱ፣ ፍርዱ ግን በቦታው ቆየ። ትራምፕ ከ2017 እስከ 2020 ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሦስት ዳኞች ሾመ፤ በሰኔ 24 ቀን 2022 ፍርዱ ተሻረ። ጽንስ ሰው ነው ብሎ ለሚያምን ሰው ይህ ቀላል ነገር ነው? እኔም አምናለሁ፤ ቀላል አይደለም። ነገሩ በትራምፕ የተጀመረም አይደለም። ጂሚ ካርተር የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር፤ በ1980 ብዙ ወንጌላውያን እሱን ትተው ከሚስቱ ተፋትቶ ሌላ ያገባውን ሮናልድ ሬገንን መረጡ። የነፍስ አባት ፍለጋ ቢሆን ኖሮ ካርተር ነበር የሚመረጠው።

ብዙዎቹ የትራምፕ ደጋፊዎች ቂሮስንም ይጠቅሳሉ። ኢሳይያስ በምዕራፍ 45 የፋርሱን ንጉሥ እግዚአብሔር የቀባው ይለዋል፤ ስለዚህ እግዚአብሔር በማያምነውም ይሠራል ይላሉ። ልክ ነው። ነገር ግን ነቢዩ በዚያው ቦታ ቂሮስ እግዚአብሔርን እንደማያውቅ ደግሞ ይናገራል። ጠቃሚነቱንና አለማወቁን በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገረው፤ አንዱን ለማትረፍ ሌላውን አልደበቀም። ዳዊትም ኃጢአት ሠርቷል የሚሉትስ የገሠጸውን ነቢዩን ናታንን የት አደረሱት?

እኔን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የያዘኝ የአገራችን ታሪክ ነው። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ እንላለን። ከ1314 እስከ 1344 የነገሠው ዓፄ ዐምደ ጽዮን ለቤተ ክርስቲያን ትንሽ ንጉሥ አልነበረም፤ የኢፋትን ጦር አሸንፎ የክርስቲያኑን መንግሥት ያሰፋ ነው። የኛን ሥራ ከሠራልን ዝም እንበለው በሚለው ሒሳብ፣ ዝምታ ከሁሉ በፊት የሚገባው ለእሱ ነበር። መነኮሳቱ ግን የአባቱን ሚስት አገባ ብለው ፊት ለፊት ገሠጹት። አቡነ በጸሎተ ሚካኤልም አቡነ አኖሬዎስም አልተዉትም። አኖሬዎስ በንጉሡ ትእዛዝ መገረፉን ገድሉ ይተርካል፤ የደብረ አስቦው አቡነ ፊልጶስ ተሰደደ። ዙፋንህን እንወስድብሃለን አላሉትም። ድል አድርገሃልና የሠራኸው ኃጢአት አይደለም አላሉትም።

ይህን ጽፌ፣ መልሱን አገኘሁት፤ ምረጥ፣ ግን አፍህን አትሽጥ ብዬ ልዘጋው ነበር። እንዳልዘጋው ያደረጉኝ ሁለት ነገሮች አሉ።

አኖሬዎስ ዐምደ ጽዮንን አልመረጠውም። ያገኘው ነግሦ ነው። እኛ ግን ዘውዱን ከሚጭኑት እጆች መካከል ነን፤ ጭነን ስንገሥጸው ቃላችን እንደ አኖሬዎስ ቃል ጥርት ሊል አይችልም።

ሁለተኛው የሆነ ታሪክ ነው። በታኅሣሥ 2019 ወንጌላዊው ቢሊ ግራሃም በ1956 የመሠረቱት «ክርስቲያኒቲ ቱደይ» መጽሔት ትራምፕ ከሥልጣን መነሣት አለበት፣ በጠባዩ ላይ ዝም ካልን ለወንጌል የምንሰጠው ምስክርነት ማን ይሰማዋል ብሎ ጻፈ። የአኖሬዎስን ሥራ ሠራ ማለት ነው። የቢሊ ግራሃም ልጅ ፍራንክሊን ከመለሱት አንዱ፣ አባታቸው በ2016 ትራምፕን መርጠው እንደነበር ነው። ሽማግሌው ካረፉ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ወራት ቀርተው ነበር። በምሥጢር የተሰጠች አንዲት ድምፅ ለተግሣጽ ማርከሻ ሆና አደባባይ ወጣች። ድምፅና ምስክርነት ይለያያሉ ስል የነበርኩት ሰው ለዚህ በቂ መልስ የለኝም። ይለያያሉ ብዬ አሁንም አምናለሁ። ለይቶ መያዝ ግን መራጩ ብቻውን የሚችለው አይመስለኝም፤ ሌሎች ሁልጊዜ ሁለቱን አንድ ሊያደርጉበት ይመጣሉ።

ያን እሑድ ጋሼ ዝም እንዳሉ አልቀሩም። ከጎናቸው ስልኩን ሲነካካ የነበረ የአሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸው ቀና ብሎ፣ «አባባ፣ ሰውየው ያለው ነገር ኃጢአት ነው?» አላቸው።

«ነው» አሉት።

«ታዲያ ትመርጠዋለህ?»

«እመርጠዋለሁ። ኃጢአት መሆኑን ግን እንዳትረሳ።»

ነርሷ ስኒዎቹን እንደያዘች ቆመች። ከቁጣዋ ገና አልወጣችም፤ ግን አልመለሰችላቸውም። እኔ በበኩሌ በክሊንተን ጊዜ ያቺን «ነው» የምትለዋን ቃል ማንም ከእኔ አልሰማም። ለጋሼ ይህን ነገርኳቸው፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝና ኮታቸውን አነሡ።

መኪናቸው ጋራዥ ስለነበረች እኔ ነኝ ያደረስኳቸው። ደጃፋቸው ሣር ላይ በሁለት ቀጭን ሽቦ የቆመ የምርጫ ሰሌዳ ተተክሏል። ላዩ ላይ የሰውየው ስም ብቻ አለ። ልጁ የተረፈውን ዳቦ በፌስታል ይዞ በአጠገቡ አለፈና በሩን አንኳኳ።