እሳት የቆፈረውን ውሃ ሞላው

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው አስፋልት ዳንግላን አልፎ ወደ እንጅባራ ሲጠጋ አየሩ ይለወጣል። ብርዱ ጋቢ ያስደርባል። በመስኩ ላይ ፈረሶች ይግጣሉ፣ በየጓሮው ቀርቀሃ ይወዛወዛል፣ ጉም ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው ይሻገራል። ከእንጅባራ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች አለፍ ብሎ፣ ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ፣ ዛፍ የለበሰ ጉብታ አለ። የማያውቀው መንገደኛ ተራ ኮረብታ መስሎት ያልፈዋል። የሚያውቀው ግን ከመኪናው ወርዶ ወደ ዛፎቹ ይገባል። ጥቂት እንደተራመደ መሬቱ ድንገት ያልቅና ከገደሉ ሥር ክብ፣ ጥቁር አረንጓዴ ውሃ ይታየዋል። ዘንገና ሐይቅ ይኸው ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ውሃ።

ሐይቁ ያረፈበትን ጉድጓድ የቆፈረው እሳት ነው። በጥንት ዘመን ከምድር ሆድ ወደ ላይ ይወጣ የነበረ ቅልጥ ዐለት በመንገዱ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኘ። ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆነ። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ በላዩ የተጫነውን ዐለት ፈነቃቅሎ ወደ ሰማይ በተነው። የተበተነው ድንጋይና አመድ በዙሪያው ወድቆ ዛሬ ደኑ የበቀለበትን ከንፈር ሠራ። በአንካሻ የሚገኘው የጥርባ ሐይቅም የዚሁ የእሳት ዘመን ልጅ ነው። ከጣና በስተደቡብ ባለው በዚህ ከፍታ እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ያሉት ጉብታዎች ምድር አንድ ጊዜ እዚህ ላይ እንደፈላች ይመሰክራሉ።

ያን ቀን በአካባቢው የነበረ ፍጡር ቢኖር ኖሮ የዓለም ፍጻሜ የደረሰ ይመስለው ነበር። ዛፍ ነደደ፣ ዐለት ተሰባበረ፣ አመድ ፀሐይን ከለለ። ቁጣው ሲበርድ የቀረው ባዶ ጉድጓድ ነበር። ፈጣሪ ግን ጉድጓዱን ባዶውን አልተወውም። ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናብ ወረደበት፤ ምድርም ከውስጧ ውሃ አቀበለችው። ወደ ዘንገና የሚገባ ወንዝ የለም፣ ከዘንገና ሲወጣ የሚታይ ወንዝም የለም። ውሃው በጠብታ ተጠራቅሞ ዛሬ ጥልቀቱ ከ150 ሜትር በላይ ነው። ለጥፋት የተከፈተው አፍ የሕይወት ማጠራቀሚያ ሆነ። ከገደሉ ጫፍ ቆሜ ቁልቁል ስመለከት ከሁሉ በፊት ወደ ልቤ የሚመጣው ይህ ነው፦ እግዚአብሔር በእሳት የጀመረውን በውሃ ይፈጽማል፣ በውሃ የፈጸመውንም በልምላሜ ይከበዋል።

አባቶቻችን ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት አክሲማሮስን ሲያነቡና ሲያስተምሩ የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ፍጥረትን በሥርዓት ማሰብ ራሱ ጸሎት ነው። ውሃ ከየብስ መለየቱ፣ ምድር ሣርና ዛፍ ማብቀሏ፣ ወፎች በአየር ላይ መብረራቸው በዘንገና ዳር ከመጽሐፍ ወጥቶ በዓይን የሚታይ ትምህርት ይሆናል።

ልምላሜውን እንየው። ዘንገና ባለበት በአዊ ዞን ጥንታዊ የደጋ ደን ውስጥ ብሳና አለ፣ ግራር አለ፣ አዛምር አለ፣ ጥቁር እንጨት አለ፣ ወይራ አለ። አንዱ ረጅም ነው፣ አንዱ አጭር፤ አንዱ ፀሐይን ይፈልጋል፣ ሌላው በጥላ ያድጋል። ማንም አልተከላቸውም፣ ማንም ቦታ አልደለደለላቸውም፤ ሆኖም አንዱ የሌላውን ድርሻ ሳይቀማ በአንድነት ቆመዋል። ወፍ ፍሬውን በልቶ ዘሩን ይዘራል። የረገፈው ቅጠል በስብሶ አፈር ይሆናል። ዝናቡ በኃይል ሲወርድ ቅጠሉ ጉልበቱን ይሰብራል፣ ሥሩ አፈሩን አንቆ ይይዛል፣ ውሃውም ቀስ ብሎ ወደ ምድር ይሰርጋል። በዳገቱ ላይ ያለው ደን ቢመነጠር በእያንዳንዱ ክረምት አፈር ተጠርጎ ሐይቁ ውስጥ ይገባል፤ ሐይቁም ከዓመት ዓመት በደለል ይሞላል። ዛፉ ሐይቁን ይጠብቃል፣ ሐይቁም ለዛፉ እርጥበት ይመልሳል። ጦጣዎቹ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ፣ ግልገል ያቀፈች እናት ጦጣ ቆም ብላ ሰውን ስታይ፣ ይህ ቤት ከእኛ በፊት ባለቤት እንደነበረው ይገባናል።

በአዊ ምድር ጎረቤትም ሌላ ድንቅ አለ። ከእነዚህ ከፍታዎች በስተምሥራቅ፣ በሰከላ፣ የግሽ ዓባይ ምንጭ ይፈልቃል። ከዚያ የሚነሳው ግልገል ዓባይ ወደ ሰሜን ታጥፎ ጣና ይገባል፤ ለጣና ከሚገብሩት ወንዞችም ትልቁ እርሱ ነው። በሌላው ወገን ደግሞ እነ ፈጣም፣ እነ ዱራ፣ እነ በለስ ጣናን ሳይነኩ ወደ ታላቁ ዓባይ ይወርዳሉ። አንድ ጥቁር ደመና የተሸከመው ዝናብ በአንድ ተራራ ራስ ላይ ወርዶ ግማሹ ወደ ሰሜን፣ ግማሹ ወደ ደቡብና ምዕራብ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ግን ሁሉም በአንድ ወንዝ ይገናኛል። ባሕርና በረሃ አቋርጠው ወደ አገራችን ከመጡት አውሮፓውያን መካከል ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እ.ኤ.አ.፣ ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 እ.ኤ.አ. የግሽ ዓባይን ምንጭ በዓይናቸው አይተዋል። ለአካባቢው ሰው ምንጩ ከጥንት ጀምሮ ጠበል ነው፤ ጫማ ተወልቆ፣ ተሳልሞ የሚቀርቡት ቦታ ነው። በረሃ ያለው የግብፅ ገበሬ የሚጠጣው ውሃ መጀመሪያ የተጸለየበት እዚህ ነው።

በእንደዚህ ያለ ስፍራ በቀን አይቶ መመለስ ግማሽ ማየት ነው። ማደር ያስፈልጋል። በአገራችን ደጅ ማደር አዲስ ነገር አይደለም፤ ተሳላሚ በገዳም ደጅ፣ እረኛ በመስክ፣ ነጋዴ በመንገድ ሲያድር ኖሯል። ዝናቡ ጋብ ባለበት በኅዳር ወር፣ ድንኳን ከገደሉ ጠርዝ ርቆ በደልዳላ ቦታ ሲተከል፣ ምሽቱ ሌላ ዓለም ይከፍታል። ፀሐይ እንደጠለቀች ብርዱ ከሣሩ ውስጥ ይነሳል። ወፎቹ ዝም ይላሉ፣ ጉጉት ይጀምራል፣ ከሩቅ ጅብ ይጮኻል። ሰው በቤቱ የረሳውን ትንሽነቱን እዚህ ያስታውሳል፤ ትንሽነቱ ግን አያሳፍረውም፣ ያሳርፈዋል እንጂ።

ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ቀና ብሎ ሰማይን ያየ ሰው፣ ከከዋክብቱ መካከል እንደ ጢስ የፈዘዘች አንዲት ነጥብ ያገኛል። አንድሮሜዳ የምትባል የከዋክብት ስብስብ (ጋላክሲ) ናት። ያለ መነጽር በዓይን ከሚታዩት ነገሮች እጅግ ሩቅ ከሆኑት አንዷ ናት፤ ዛሬ ሌሊት ዓይናችን ላይ የሚያርፈው ብርሃኗ መንገድ ከጀመረ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሆኖታል። ያ ሁሉ ጉዞ ሳይደናቀፍ መጥቶ በአዊ ጫካ ጋቢ ለብሶ በተቀመጠ አንድ ሰው ዓይን ውስጥ ያበቃል። ይህን ያሰናዳው ማን ነው? ሰማዩን ያሰፋው፣ ይህን ስፋት የምታይ ትንሽ ዓይንም የሠራ እርሱ ነው። ከሁለቱ የቱ ይበልጥ እንደሚደንቅ እኔ መምረጥ አልችልም።

ሌሊቱ ሲነጋጋ ከውሃው ላይ እንፋሎት ይነሳል። ከአድማስ አድማስ ወፎች ይቀባበላሉ። ከአካባቢው ቤተ ክርስቲያን የኪዳን ጸሎት በሚደርስበት በዚያ ሰዓት ፍጥረት ሁሉ አብሮ የሚያመሰግን ይመስላል። ምስጋናውን የሰማ ሰው ደግሞ ኃላፊነት ይዞ ይመለሳል።

የአዊ ገበሬ ዛፍ መትከል ያውቅበታል። በፋግታ ለኮማና በዙሪያዋ ዲከረንስ የተባለው ግራር የተራቆተ መሬት ሸፍኗል፤ ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ከእህል ጋር ይተክለዋል፣ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ቆርጦ ከሰል ያደርገዋል። ለእጁ ሥራ ምስጋና ይገባዋል፤ ከተከለው ያገኘው እንጨት ጥንታዊውን ደን ከመጥረቢያ ሊያሳርፍ ይችላልና። ሆኖም አምስት ዓመት የሚያድግ ዛፍና የአያት ቅድመ አያትን ዘመን ያየ ደን አንድ አይደሉም። አንዱን ሰው ይተካዋል፤ ሌላውን ሰው ሊተካው አይችልም። አባቶች የቤተ ክርስቲያንን አጸድ ሳይቆርጡ ያቆዩት ይህን ስለሚያውቁ ነው። የዘንገናም ዙሪያ እንደ አጸድ ሊከበር ይገባዋል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አገር ሰላም ሲሆን፣ መንገድም ሲቀና፣ ወደ አዊ ሂዱ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከአካባቢው ሰዎች ጋር ተነጋግራችሁ፣ ጠባቂ ይዛችሁ እደሩ። ከሕያው ዛፍ ቅርንጫፍ አትቁረጡ፣ እሳት ካነደዳችሁ አጥፉ፣ ፌስታልና ጠርሙስ ይዛችሁ ተመለሱ። ለጦጣዎቹ ዳቦ አትወርውሩ፤ ምግባቸውን የሚሰጥ አላቸው። ይህ ሐይቅ ለመሙላት ብዙ ክረምት ፈጅቶበታል፤ ለማበላሸት ግን የአንድ ትውልድ ቸልተኝነት ይበቃዋል። ያ ትውልድ የእኛ እንዳይሆን እንጠብቀው።