ከክፉ ሰው አፍ የወጣች እውነት

ሒሳብ ያስወደደኝ መምህር በቀይ ሽብር ዘመን ከክፍላችን ልጆች የአራቱን ስም ጽፎ ለአብዮት ጥበቃ የሰጠ ሰው ነው። ይህን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከአራቱ ሁለቱ አልተመለሱም። ሰውየው ዛሬ በሕይወት የለም፤ ልጆቹ ግን ስላሉ ስሙን እዚህ አላነሣውም። እስከ አሁን የሦስት ማዕዘን ነገር በተነሣ ቁጥር በጠመኔ የነጣች እጁ ሰሌዳው ላይ መሥመር ስትስብ ትታየኛለች። ስሞቹን የጻፈው በዚያችው እጅ ነው። ታዲያ ያስተማረኝን ምን ላድርገው? ልርሳው ብል አይሆንልኝም፤ ቢሆንልኝስ ሦስት ማዕዘኑ ምን አጠፋ?

ውድ አንባቢ፣ ጥያቄው የእኔ ብቻ አይመስለኝም። ከክፉ ሰው አፍ የወጣች እውነት የማን ናት? ብዙ ጊዜ ይህ ክርክር የሚነሣው በደራሲና በዘፋኝ ላይ ነው። እዚያ ግን ነገሩ ይምታታል፤ የሰውየው ነፍስ በድርሰቱ ውስጥ ስላለች ክፋቱ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ መለየት ያስቸግራል። ጥያቄውን ነጥሎ ለማየት የሚሻል ቦታ ሒሳብ ነው። ስለዚህ አንድ የታወቀ ታሪክ ልተርክ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1916 ሉድቪግ ቢበርባኽ የተባለ ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ነገሩን ለመረዳት እንደ እንጀራ ክብ የሆነ ስስ ጎማ ያስቡ። ጎማውን ሳይደራረብና ሳይቀደድ፣ በየነጥቡ ዙሪያ ያሉት ጥቃቅን ማዕዘኖችም ሳይዛቡ እንለጥጠዋለን። ሒሳብ ይህን መለጠጥ ማለቂያ በሌለው ድምር ይጽፈዋል። እያንዳንዱ የድምሩ አባል የራሱ አባዢ ቁጥር አለው፤ ኮፊሸንት የሚባለው ነው። መለኪያው እንዲስማማ የመጀመሪያው አባዢ 1 እንዲሆን ይደረጋል። ቢበርባኽ የሁለተኛው አባዢ መጠን ከ2 ሊበልጥ እንደማይችል አረጋገጠ። በግርጌ ማስታወሻ ደግሞ ምናልባት ይህ ለሁሉም ይሠራ ይሆናል፣ ማለትም ሦስተኛው ከ3፣ አራተኛው ከ4፣ መቶኛው ከ100 አይበልጥ ይሆናል ሲል ግምቱን ጣል አደረገ። ያቺ የግርጌ ማስታወሻ 68 ዓመት ሙሉ የሙያውን ሰዎች እንቅልፍ ነሣች።

አሁን ወደ ሰውየው እንመለስ። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ቢበርባኽ በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የጎቲንገን ተማሪዎች አይሁዳዊው ኤድሙንድ ላንዳው እንዳያስተምር አደሙበት፤ ላንዳውም ወንበሩን ለቀቀ። ቢበርባኽ በማግሥቱ ዓመት በአደባባይ ንግግር ተማሪዎቹን ደገፈ። የአንድ ዘር ሒሳብ ለሌላው ዘር ወጣት ባዕድ ነው የሚል ትምህርትም አስፋፋ። በ1936 ትርጉሙ «የጀርመን ሒሳብ» የሆነ «ዶይቸ ማቴማቲክ» የተባለ መጽሔት መሠረተ። የበርሊን ባልደረባው የነበረው ታላቁ ኢሳይ ሹር ከሥራው ተባረረ፤ በ1939 ወደ ፍልስጤም ተሰደደ፤ በ1941 ቴል አቪቭ ላይ ሞተ።

ታዲያ የቢበርባኽን ግምት ወደ እውነትነት የገፉት እነማን ናቸው? በ1923 ሦስተኛውን አባዢ የረታው ካርል ሎውነር ነው፤ ከቦሔሚያ የመጣ አይሁዳዊ፣ ያን ጊዜ እዚያው በርሊን የሚሠራ። ይኸው ሰው በ1939 ናዚዎች ፕራግን ሲይዙ ታሰረ፤ ሲለቀቅም ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በ1955 አራተኛውን የረቱት ፖል ጋራቤዲያንና ማክስ ሺፈር ናቸው። ሺፈር በርሊን ተወልዶ፣ ከሹር ሲማር ቆይቶ፣ በ1933 ወደ ኢየሩሳሌም የሄደ ነው። በመጨረሻም በ1984 ፓሪስ የተወለደው የአሜሪካው ፐርድዩ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሉዊ ደ ብራንዥ ግምቱን በሙሉ አረጋገጠ። ዋናው መሣሪያው የሎውነር ዘዴ ነበር። ደ ብራንዥ ከዚያ በፊት ተሳስቶ ስለሚያውቅ ብዙዎች ሊያምኑት አልፈለጉም። በትዕግሥት ተቀምጠው መሥመር በመሥመር የመረመሩለት የሌኒንግራድ ሊቃውንት ናቸው። ያቺ ከተማ ከ1941 እስከ 1944 በጀርመን ጦር ተከብባ ሕዝቧ በረኀብ ያለቀባት ናት። ቢበርባኽ ይህን አላየም፤ በ1945 ከሹመቱ ተሽሮ ኖሮ በ1982 በ95 ዓመቱ ሞተ።

እንግዲህ የመጀመሪያው መልስ ከዚህ ይወጣል። እውነት አባት የላትም። የሰውየው ግምት የሰውየውን ትምህርት አፈረሰች፤ ይጸየፈው ከነበረው ሰው እጅ ገብታ፣ ይወርር ከነበረው ጦር በተረፈ ከተማ ውስጥ ተመርምራ ጸናች። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚባለው እዚህ ላይ ያለ ቅሬታ ይሠራል።

ይህ መልስ ግን ለእኔ ቀለለብኝ። ለቁጥሩ ይበቃ ይሆናል፤ ለሰዎቹ አይበቃም። እውነቷ የማንም ካልሆነች ለአግኚው የምንከፍለው ስሙን በላይዋ መጻፍ ብቻ ነው። ይህ ደግሞ ክብር ነው። አንድ ወዳጄ ይህን ታሪክ ስነግረው፣ «ስሙን ፋቀው! የላንዳው ዘመዶች በየትምህርት ቤቱ ቢበርባኽ፣ ቢበርባኽ ሲባል እንዴት ይሰማሉ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ደግሞም ዛሬ ብዙዎች «የደ ብራንዥ ቲዎረም» ይሉታል፤ ይህ ስያሜ ላረጋገጠው ሰው የሚገባው ነው። ግን ስሙን ለመቅጣት ብለን ብንፍቀው፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆን እፈራለሁ። ስም ሲፋቅ አብሮ የሚፋቀው ወንጀሉ ነው። አንድ ወጣት ቢበርባኽ ማን ነበር ብሎ ሲጠይቅ የላንዳውን፣ የሹርንና የሎውነርን ታሪክ የሚያገኘው ስሙ እዚያ በመቆየቱ ነው። ስለዚህ ለወዳጄ የሰጠሁት መልስ፣ ስሙ እንደ ሽልማት ሳይሆን እንደ ምስክርነት ይቆይ፤ ስሙን የሚጠራ ሁሉ ግን የሠራውን አብሮ የመጥራት ዕዳ አለበት የሚል ነው።

ከዚህ በታች ያለው ጥያቄ ይበልጥ ያስጨንቀኛል። እንደዚያ ያለ ጥርት ያለ አእምሮ እንዴት ያን ያህል ክፋት ሊያድርበት ቻለ? እኔ ልጅ ሳለሁ፣ በማስረጃ እንጂ በጩኸት የማያምን ሰው በሌላውም ነገር ሚዛናዊ ይሆናል ብዬ አስብ ነበር።

ለዚህም አንድ ነገር ከዚያው ከሒሳቡ ተማርሁ። እስካሁን የተናገርነው ባለ አንድ ተለዋዋጭ ስለሆነ ካርታ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ተለዋዋጮች ሲኖሩስ? በዚያው በ1933 ፈረንሳዊው ኦንሪ ካርታን በፖል ሞንቴል መጽሐፍ ላይ ባከለው ጽሑፍ፣ የቢበርባኽ ዓይነት ወሰን እዚያ እንደማይገኝ አመለከተ። ምክንያቱን ማንም ሊያየው ይችላል። ሁለት ቁጥሮች እንያዝ። ሁለተኛውን እንዳለ እንተወው፤ በመጀመሪያው ላይ ግን የሁለተኛውን ካሬ በፈለግነው አባዢ አባዝተን እንደምርበት። ይህ ካርታ አይደራረብም፤ መመለስ ቢያሻን ያንኑ የደመርነውን መቀነስ ነው። በመነሻውም ዙሪያ መለኪያው ያው 1 ነው። አባዢው 5 ይሁን 5 ሚሊዮን ግን የሚከለክለው የለም። በአንድ አቅጣጫ ሁሉን አሥሮ የያዘው ሥርዓት፣ አንድ አቅጣጫ ሲጨመር ምንም አያስርም።

ምሳሌ ማስረጃ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሰውም ካርታ አይደለም። ሆኖም ስሕተቴ የት እንደነበረ አሳይቶኛል። ሰውን ባለ አንድ ተለዋዋጭ አድርጌ ነበር የምመለከተው። በአንዱ በኩል ልኩ ሲታወቅ ሌላው ሁሉ የታጠረ መስሎኝ ነበር። ችሎታ ግን በገዛ አቅጣጫው እንጂ በሌላው ወሰን አይሠራም። መምህሬ በሰሌዳው ላይ አንዲት ያልተረጋገጠች መሥመር አይፈቅድም ነበር፤ አራት ልጆችን ግን ያለ አንዳች ማስረጃ አሳልፎ ሰጠ።

ካርታን ግን ወሰን የለም ብሎ አልተወውም። ተጨማሪ ግዴታ ያለባቸው ካርታዎች እንዲጠኑ ጠቆመ፤ ወሰኑ የተመለሰውም በዚያ መንገድ ነው። ለምሳሌ በባለ ሁለት ተለዋዋጩ ኳስ ላይ የሚሠራው ቅርጽ፣ ከየትኛውም ነጥቡ እስከ መነሻው ቀጥ ያለ መሥመር ሲሳብ መሥመሩ ከቅርጹ የማይወጣ ይሁን እንበል። ያን ጊዜ ያ ልጓም ያልነበረው አባዢ 2.6 ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይቆማል። ቅርጹ ጭራሽ ስርጉድ አይኑርበት ከተባለ ደግሞ ከግማሽ አያልፍም። ለሰውም እንዲሁ ይመስለኛል። ክፋትን የሚገታው ዕውቀት ራሱ ሳይሆን፣ ሰው ከዕውቀቱ ላይ ጨምሮ በራሱ ላይ የሚጥለው፣ ኅብረተሰቡም የሚጥልበት ግዴታ ነው። ያ ግዴታ ከሌለ የሰውየው ሊቅነት ምንም ዋስትና አይሰጠንም።

ካርታን ስለ ግዴታ የሚያውቀው በወረቀት ብቻ አልነበረም። ወንድሙ ሉዊ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። ከናዚ ወራሪ ጋር በተደረገው የኅቡእ ትግል በመሳተፉ ተይዞ ወደ ጀርመን ተወሰደ፤ በዲሴምበር 1943 አንገቱ ተቀላ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በኖቬምበር 1946፣ ኦንሪ ካርታን ጀርመን አገር ጥቁር ደን ውስጥ ወዳለችው ኦበርቮልፋኽ ሄዶ ከጀርመን የሒሳብ ሰዎች ጋር ተቀመጠ። ረስቶ ነው የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ በቦታው ብሆን እሄድ ነበርን? አልልም። ግን እውነትን በጠላት ቋንቋ ስለተነገረች ብቻ አለመተው እንደሚቻል፣ ይህም ሙታንን መካድ እንዳልሆነ እርሱ በእግሩ ሄዶ አሳይቷል።

ባለፈው ዓመት የልጅ ልጄ የሦስት ማዕዘን ጥያቄ ይዛ መጣች። መምህሬ እንዳሳየኝ አድርጌ መሥመሩን ሳብሁላት። ገባትና በደስታ፣ «አያዬ፣ አንተን ማን አስተማረህ?» አለችኝ። «አንድ መምህር» ብዬ አለፍሁት። ልክ አላደረግሁም። ከላይ የጻፍሁትን የማምን ከሆነ፣ ከፍ ስትል አስቀምጬ የመምህሬን ስም ልነግራት ይገባል፤ አስቀድሜ ግን የአራቱን ልጆች ስም፣ ያልተመለሱት ሁለቱ የትኞቹ እንደሆኑም ጭምር። ሦስት ማዕዘኑን ከዚያም በኋላ እንደምትወደው ተስፋ አደርጋለሁ።