እስትንፋስን ስለ ማካፈል

ሰው ያለ ምግብ ብዙ ቀን፥ ያለ ውሃም ጥቂት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ያለ አየር ግን ጥቂት ደቂቃ እንኳ መቆየት አይሆንለትም። ይህን ያህል አስፈላጊ የሆነው ነገር ለባለጸጋውና ለድኻው፥ ለሹሙና ለአራሹ ሳይለይ በነፃ የተሰጠ ነው። ይሁን እንጂ ሳንባ በሕመም ምክንያት በድንገት ሥራው ባቃተው ጊዜ ይህ እኩልነት ይፈርሳል። በነፃ ይሳብ የነበረው ነገር በሊትር የሚሰፈር፥ በገንዘብ የሚገዛ፥ በብረት ሲሊንደር የሚታሸግ ይሆናል። ያን ጊዜ ጥያቄው የሐኪም ብቻ መሆኑ ይቀርና የፍርድም ጥያቄ ይሆናል።

በዘመናችን ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ መልካም ረዳት የሆነ መሣሪያ ተገኝቷል፤ ይኸውም በአፍንጫ በኩል ኦክሲጅንን በከፍተኛ ፍሰት የሚሰጠው ነው። መሣሪያው አየሩን እስከ 37 ዲግሪ ድረስ አሙቆና አርጥቦ፥ በደቂቃ እስከ 60 ሊትር ያደርሳል። ሕመምተኛው ወደ ጉሮሮው ቱቦ ሳይገባበት ሊናገር ይችላል፤ የመተንፈስ ድካሙም ይቀልለታል። በ2015 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይና በቤልጅግ 310 ሕሙማን የተካፈሉበት ጥናት ታትሞ ነበር። በጥናቱ ቱቦ ያስፈለጋቸው ሰዎች ቁጥር በጉልህ ባይለይም፥ በዚህ መሣሪያ ከታከሙት መካከል በ90 ቀን ውስጥ የሞቱት በሌላ መንገድ ከታከሙት ያነሱ ሆነው ተገኝተዋል። እንግዲህ መሣሪያውን የሚነቅፍ ሰው በቂ ምክንያት የለውም።

ነገር ግን ስሌቱን እንመልከት። አንድ ትልቅ ሲሊንደር 7,000 ሊትር ያህል ኦክሲጅን ይይዛል። ንጹሕ ኦክሲጅን በደቂቃ 60 ሊትር ቢሰጥ ሲሊንደሩ 2 ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ያልቃል። በደቂቃ 5 ሊትር ለሚበቃው ሕመምተኛ ግን ያው ሲሊንደር 23 ሰዓት ያህል ያገለግላል። በሌላ አነጋገር አንዱ የሚተነፍሰው ለ12 ሰዎች የሚበቃውን ነው።

ነገሩን ወደ አገራችን አምጥተን እናስበው። በጅማ ከተማ የቦሳ ኪቶ ነዋሪ በታመመ ጊዜ ትልቅ የማስተማሪያ ሆስፒታል በከተማው ያገኛል፤ ወደዚያው ሆስፒታል ከአጋሮም፥ ከሊሙም፥ ከጌራም በጽኑ የታመሙ ሰዎች ይላካሉ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ይህ ለጤነኛው አይታወቀውም፤ ለደከመ ሳንባ ግን ይከብዳል። እንግዲህ በአንድ ሌሊት 60 ሊትር የሚፈልግ አንድ ሰው፥ 5 ሊትር የሚበቃቸውም 12 ሰዎች ቢመጡ፥ ያለውም ኦክሲጅን ለሁሉ የማይዳረስ ቢሆን፥ ፍርዱ ምን ይሁን?

አንዳንዶች «አስቀድሞ የመጣው ይቅደም» ይላሉ። ይህ አድልዎ የሌለበት ይመስላል፤ ሆኖም መንገድ ቅርብ የሆነለትን የከተማ ሰው ከሩቅ ገጠር በቃሬዛ ከሚመጣው ያስበልጣል። ሌሎች ደግሞ «ብዙዎቹ ይዳኑ» ይላሉ። ይህም ከባድ እውነት አለበት፤ ነገር ግን ሰውን እንደ ቁጥር ብቻ መቍጠር የለመደ ኅሊና ነገ በሌላው ነገር ይጨክናል። በእኛ አስተያየት ሐኪሙ ሊመለከት የሚገባው የችግሩን ጽናትና የመዳኑን ተስፋ ነው፤ ይህንም በየሰዓቱ እየመረመረ ሊያድሰው ይገባል። ለአንዱም ቢሆን መካከለኛ መንገድ ሊፈለግለት ይቻላል፤ ከረጢት ያለው ጭምብል በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ሊትር ይሰጣልና። የቡና ነጋዴ ሚዛን ፈረሱላውን ሲመዝን የባለቤቱን ማዕርግ እንደማይጠይቅ፥ የኦክሲጅን ሚዛንም ዝምድናን፥ ሹመትንና ገንዘብን ሊያውቅ አይገባውም።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን ሌላ ነው። በዚያች ሌሊት በአልጋው አጠገብ የሚሰጠው ፍርድ አስቀድሞ በጽሕፈት ቤት ተፈርዶ ያደረ ነው። ኦክሲጅን እንዲያንስ ያደረገው የዘብ ተራ የደረሰው ሐኪም አይደለም፤ በጀት ሲመደብ፥ ዕቃ ሲገዛ፥ መካኒክ ሲቀጠር ሳይታሰብ የቀረው ነገር ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ለኦክሲጅን አቅርቦት በ2016 እ.ኤ.አ. የሚጀምር አገር አቀፍ ዕቅድ አውጥቶ ነበር፤ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ በተገለጸ ጊዜም ነገሩ ምን ያህል አስቸኳይ እንደ ሆነ ለሁሉ ግልጽ ሆነ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምሳሌ ለዚህ የተነገረ ይመስላል። የጅማ ገበሬ የቡና ችግኝ ሲተክል ፍሬውን የሚጠብቀው ከ3 ወይም ከ4 ዓመት በኋላ ነው፤ ፍሬ በሚለቀምበት ወር ችግኝ የሚፈልግ ሞኝ የለም።

ስለዚህ አዲስ መሣሪያ እንዲገዛ ፊርማውን የሚያኖር ሹም «60ው ሊትር ከወዴት ይመጣል? መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ሕመምተኛው ድካሙ ሲብስበት ፈጥኖ የሚያውቅለት ነርስ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግዴታው ነው። ይህን የማይጠይቅ ሰው ለአንዱ የሰጠ መስሎት ከብዙዎች ይወስዳል። መምህራንም ለተማሪዎቻቸው የሳንባን ሥራ ሲያስተምሩ ይህን ስሌት አብረው ቢያስተምሩ፥ ነገ በጽሕፈት ቤት የሚቀመጠው ወጣት የማያየውን ሕመምተኛ ማሰብ ይማራል። ርኅራኄ በአልጋው አጠገብ ማዘን ብቻ አይደለም፤ አስቀድሞ መቍጠርና ማዘጋጀትም ርኅራኄ ነው።