ወኪል ያለው ሕዝብ አደባባይ መውጣት ይገባዋልን?

በ2007 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫዎች በሙሉ በኢሕአዴግና በአጋሮቹ እጅ ገቡ። በሐራም፣ በመርሳም፣ በወልድያም የሚኖር ሰው በስም እንኳ ቢሆን ወኪል ነበረው። ይሁንና ዓመት ሳይሞላ ኦሮሚያ፣ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ደግሞ ጎንደር በተቃውሞ ተነሡ። ጥር 12 ቀን 2010 ዓ.ም. በወልድያ፣ በቃና ዘገሊላ በዓል፣ የጸጥታ ኃይሎች ተኩሰው ሰዎች ሞቱ፤ ቁጣው መርሳ ድረስ ዘለቀ።

መቀመጫው ሁሉ ሞልቶ ሳለ ወኪል ታጥቶ ነበር ማለት ነው። ውክልና አደራ ነውና አደራው ሲበላ ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ቢጠይቅ ዐመፀኛ ልንለው አይገባም። የሰው ሱቅና ቤት ማቃጠል ግን ሌላ ነገር ነው፤ እርሱን አናጸድቅም።

ይልቁንም የሚያሳስበን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በየካቲት 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ከሥልጣን ለመልቀቅ ጠየቁ፤ ተተኪያቸውን ያቀረበው ግን የዚያው ግንባር ምክር ቤት ነበረ። አደባባይ የወጣው ሕዝብ እስከ ሰኔ 2013 ዓ.ም. ምርጫ አልደረሰውም። ቀድሞም እንዲሁ ሆኖ ነበር። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ተማሪው፣ መምህሩና የታክሲ ነጂው ጮኹ፤ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ወንበሩን የያዘው ደርግ ነው።

«አይሆንም» የሚለው ቃል ከብዙ አፍ በአንድ ቀን ሊወጣ ይችላል። «ይህ ይሁን» ማለት ግን ተቀምጦ መምከርን፣ ሰው መምረጥን፣ የመረጡትንም ሳይሰለቹ መጠየቅን ይሻል። እኛስ ብንሆን፣ በየቁምስናችን የጉባኤ አባላትን እጅ አውጥተን ከመረጥን በኋላ፣ ዓመቱ ሳያልቅ «ምን ሠራችሁ?» ብለን የጠየቅንበት ጊዜ ስንት ነው?