ሚዛኑና ተሸካሚው



ሮብ ገበያ ስሟን ያገኘችው ከገበያ ቀኗ ነው። ጤፉን ለመሸጥ የሚመጣ ገበሬ ዓይኑን ከሚዛኑ አይነቅልም፤ መጠንቀቁም ተገቢ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ሐሰተኛ ሚዛንና መስፈሪያን ይከለክላል። ያው ምዕራፍ ግን ይህን ከማለቱ አስቀድሞ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ በአሠሪው ዘንድ እንዳያድር ያዛል። ስለ ሚዛኑ ብዙ ሰብከናል፤ ኩንታሉን በጀርባው ስለሚያወርደው ሰው ግን ጥቂት።

ልጆቻችን በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ስፍራ የንግድ ሥራ አመራር ሲማሩ፣ ደመወዝ በወጪ ዓምድ እንደሚጻፍ ይማራሉ። በዚህ ስሕተት የለበትም። ስሕተቱ የሚጀምረው ሥራ አስኪያጁ ሰውየውን ራሱን ከወጪ ሲቆጥረው ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተሰኘው መልእክታቸው፣ ሠራተኛው ስለ ተስማማ ብቻ ደመወዙ ፍትሐዊ እንደማይሆን አስተማሩ፤ ችግር ያስማማዋልና። ከ100 ዓመት በኋላ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ«ቸንቴሲሙስ አኑስ» ትርፍ የድርጅት ጤንነት ምልክት መሆኑን ተቀበሉ፤ ነገር ግን ሒሳቡ ተስተካክሎ ሳለ ሠራተኞቹ ሊዋረዱ እንደሚችሉ አመለከቱ። ይህን የሚያሳይ ዓምድ በመዝገብ ላይ የለም።

ነገሩ እኛንም ይነካናል፤ በየቁምስናችን ዘበኛና ምግብ አብሳይ አሉና።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፤ ከገበያ የተመለሰውን ነጋዴ ስለ ሚዛኑ ስትጠይቁት፣ ተሸካሚው ገንዘቡን በዚያው ቀን ተቀብሎ ሄዶ እንደ ሆነም ጠይቁት።