ዳኛውም ይዳኛል



በሐዋሳ ባህል አዳራሽ አካባቢ ወጣቶቻችን ኳስ በቴሌቪዥን ሲከታተሉ አብረን ተቀምጠን እናውቃለን። ዳኛው ፊሽካ በነፋ ቁጥር ሁላችንም ዳኞች እንሆናለን፤ ምስሉ ተደጋግሞ ስለሚታየን ከእርሱ ይልቅ የምናውቅ ይመስለናል።

ኢትዮጵያዊው ባምላክ ተሰማ እ.ኤ.አ. በ2018 ለሩሲያው የዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች አንዱ ነበር። በዚያ ውድድር የቪዲዮ ረዳት ዳኛ በዓለም ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሠራበት። ዳኛው ግልጽ ስሕተት እንደ ሠራ ሲነገረው ወደ ሜዳው ዳር ሄዶ ምስሉን ይመለከታል፤ በሕዝብ ሁሉ ፊትም የገዛ ውሳኔውን ይሽራል። ይህን በማድረጉ ክብሩ አይጎድልም።

በቁምስናችን የልጆች ውድድር ግን ካሜራ የለም። ፊሽካ የያዘው የ17 ዓመት ወጣት ያለው ሁለት ዓይንና ኅሊና ብቻ ነው። አንድ ቀን ወላጆች ከዳር ሆነው ሲሰድቡት እኛም ሰምተን ዝም አልን። በማግሥቱ ፊሽካውን አምጥቶ መለሰልን። ያን ጊዜ መሻር የነበረበት የእርሱ ውሳኔ ሳይሆን የእኛ ዝምታ መሆኑን ተረዳን፤ ሄደንም ይቅርታ ጠየቅነው።

ጌታችን በሰፈርንበት መስፈሪያ እንደሚሰፈርልን አስተምሮናል (ማቴ. 7፥2)። ምሥጢረ ንስሐም ወደ ኅሊናችን ተመልሰን፣ በሌላው ላይ የፈረድነውን ክፉ ፍርድ የምንሽርበት ጸጋ ነው። እንግዲህ በባልንጀራችን ላይ ለመፍረድ እንዘግይ፤ የራሳችንን ስሕተት ለማረም ግን እንፍጠን።

የጌታችን ጸጋ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።